ክንድ ከየት እስከ የት ነው?

ሰው ከገዛ አካሉ የበለጠ የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። «ክንድህ የት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ አዋቂ ጥያቄውን እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል። ሆኖም ሦስት ሰዎችን ለየብቻ ጠርተን «ክንድህ ከየት ይጀምራል? የትስ ያበቃል?» ብንላቸው ሦስት የተለያዩ መልሶች ብናገኝ ሊገርመን አይገባም። አንዱ ከትከሻው እስከ አንጓው ያሳየናል። ሌላው ከክርኑ እስከ አንጓው ይላል። ሸማ በመግዛትና በመሸጥ የኖረው ሦስተኛው ደግሞ ክርኑን አጥፎ እስከ መካከለኛው ጣቱ ጫፍ ድረስ ይዘረጋልናል። ሦስቱም አልተሳሳቱም፤ ቃሉ ሦስቱንም ይሸከማልና።

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በስማዳ ወረዳ ከተማ በወገዳ ያየነው ትንሽ ነገር ነው። አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ ልጇን አዝላ ለመጣች እናት፣ «እታለም፣ የልጁን ክንድ ልለካው» አለቻት። እናቲቱ ልጁን ከጀርባዋ አወረደችና እጅጌውን እስከ ክርኑ ብቻ ሰብስባ የታችኛውን ክንዱን ዘረጋችላት። አብራት የመጣችው አያት ነገሩ ስላልገባት፣ «ልብስ ልታሰፉለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ባለሙያዋም ፈገግ ብላ፣ «አይ እማማ፣ ምግቡ ሰውነቱ ላይ መዋሉን ልናይ ነው» አለችና የልጁን እጅጌ እስከ ትከሻው ሰብስባ ጥብጣቧን ከክርኑ በላይ ጠመጠመች።

ነገሩ በዚሁ አለፈ። የእናቲቱ ክንድና የባለሙያዋ ክንድ ግን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነበሩ። አያቲቱም ብትሆን ያለ ምክንያት አልተናገረችም፤ እርሷ በምታውቀው ዓለም ክንድና ልክ አንድ ላይ የሚነሡት ጨርቅ ሲገዛ ወይም ልብስ ሲሰፋ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ክንድ» የሚለው ቃል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሉትን ትርጉሞችና አገልግሎቶች እንመለከታለን። ከዚያም የቃሉ ወሰን በትክክል ሳይታወቅ ሲቀር ምን ሊከተል እንደሚችል እናሳያለን።

«አርም» በእንግሊዝኛ

ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ ትምህርቶቻቸው የሚያገኙት የአካል ስም «አርም» ነው። መምህሩ እጁን ይዘረጋና «አርም» ይላል፤ ተማሪውም «እጅ» ወይም «ክንድ» ብሎ ይጽፋል። በተራው አነጋገር «አርም» ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ ያለው ክፍል ነው፤ ከአንጓ በታች ያለው ደግሞ «ሃንድ» ይባላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁለቱን በሁለት ስም ስለሚጠራቸው በንግግሩ አይደባልቃቸውም።

የአካል አወቃቀር ሳይንስ ግን ይህንኑ ቃል ያጠበዋል። በሕክምና መጻሕፍት «አርም» ሲባል በጥብቅ ትርጉሙ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ክፍል ብቻ ነው። ከክርን እስከ አንጓ ያለው «ፎርአርም» ይባላል። ልዩነቱ የአጥንትም ነው። በላይኛው ክፍል ያለው «ሂዩመረስ» የተባለ አንድ አጥንት ሲሆን በታችኛው ክፍል «ራዲየስ» እና «አልና» የተባሉ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። መዳፋችንን ወደ ላይና ወደ ታች ለማገላበጥ የምንችለው እነዚህ ሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚዞሩ ነው። እንግዲህ አንድ ቃል በቤትና በሐኪም ክፍል ሁለት የተለያዩ ወሰኖች አሉት ማለት ነው።

ቃሉ ከአካል ወጥቶም ይሠራል። የወንበር መደገፊያ፣ ወደ የብስ ገባ ያለ የባሕር ክፍል፣ እንዲሁም የአንድ ድርጅት ቅርንጫፍ «አርም» ይባላሉ። በብዙ ቁጥር «አርምስ» ሲባል ደግሞ የጦር መሣሪያ ማለት ሊሆን ይችላል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ ብርቱ ክንድ መሣሪያ ስለሚይዝ ቃሉ ከአካል ወደ መሣሪያ የተሻገረ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የአካሉ ስም ከጥንቱ የጀርመናውያን ቋንቋዎች ቤተሰብ የወረደ ነው፤ የመሣሪያው ስም ደግሞ በላቲን «አርማ» ከተባለው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ሁለቱንም «መግጠም፣ ማያያዝ» የሚል ትርጉም ወዳለው አንድ እጅግ ጥንታዊ ሥር ያደርሷቸዋል። ነገር ግን ወደ እንግሊዝኛ የገቡት በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው።

እንግሊዝኛ ስለ ክርን የሚናገርበት ቃልም ትምህርት አለው። «ኤልቦ» የሚለው ቃል ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ የመጀመሪያው ቀድሞ የታችኛውን ክንድና በእርሱ የሚለካውን የጨርቅ ርዝመት የሚያመለክት ሲሆን ሁለተኛው መታጠፊያ ማለት ነው። ስለዚህ «ኤልቦ» የክንድ መታጠፊያ ሆነ። «ኪዩቢት» የተባለው የጥንት ልክም ስሙን ያገኘው በላቲን ክርን ከሚባልበት ቃል ነው። የወገዳዋ አያት ክንድንና ጨርቅን ማያያዟ እንግዲህ የአንድ አገር ብቻ ልማድ አይደለም።

«እጅ» እና «ክንድ» በአማርኛ

አማርኛ አካልን የሚከፋፍለው በሌላ መንገድ ነው። «እጅ» የሚለው ቃል መዳፍና ጣትን ብቻ ሳይሆን ከትከሻ ጀምሮ ያለውን በሙሉ ሊያጠቃልል ይችላል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የለበስነውን ልብስ መመልከት ይበቃናል። ከትከሻ እስከ አንጓ ያለውን የልብስ ክፍል «እጅጌ» እንለዋለን፤ ስሙ የወጣው ከእጅ ነው። የጥንቱ የአገራችን ልብስ «እጀ ጠባብ» የተባለውም መዳፉ ስለጠበበ ሳይሆን እጅጌው ስለጠበበ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለተርጓሚ ከባድ ነው። «እጁ ተሰበረ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተማሪ ሳያስብ «ሃንድ» ብሎ ይጽፋል። የተሰበረው ግን የጣት አጥንት፣ ከክርን በታች ያለው አጥንት፣ ወይም ከትከሻ ሥር ያለው ሊሆን ይችላል። በአማርኛ የሰማው ሐኪም «የትኛው ላይ?» ብሎ ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ብቻ ያነበበ ሐኪም ግን የተነገረው ሁሉ የተነገረው ይመስለዋል። «እግር» የሚለው ቃልም ከዳሌ እስከ ጣት ስለሚዘልቅ ተመሳሳይ ችግር አለበት።

«ክንድ» ከ«እጅ» ጠበብ ያለ ቃል ነው። መዳፍን ለብቻው ክንድ የሚል የለም። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል እንዳየነው አንዳንዴ ከክርን በታች ያለውን፣ አንዳንዴም ከትከሻ ጀምሮ ያለውን ያመለክታል። አገልግሎቱም ብዙ ነው። ብርቱ ተዋጊን «ክንደ ብርቱ» እንለዋለን። ብዙ ሠርቶ የደከመ ሰው «ክንዱ ዛለ» ይባላል። በአንድነት የተነሡ ሰዎች «ክንዳቸውን አስተባበሩ» ይባላል። ትራስ ያጣ መንገደኛ ክንዱን ተንተርሶ ያድራል። ወላጅ መከታ እንዲሆነው ለሚመኘው ወንድ ልጁ «ክንዴ» የሚል ስም ያወጣለታል። ስለ ሞት ስንናገርም የሰው ሁሉ ድርሻ በመጨረሻ ሦስት ክንድ መሬት መሆኑን እናስታውሳለን።

እዚህ ላይ «እጅ» እና «ክንድ» ሥራቸውን እንዴት እንደተከፋፈሉ ማስተዋል ይገባል። ተሸናፊ «እጅ ይሰጣል» እንጂ ክንድ አይሰጥም። ገንዘብ ያነሰው «እጅ አጠረው» ይባላል። አክብሮቱን የሚገልጽ «እጅ ይነሣል»። መስጠት፣ መቀበል፣ መያዝና ማጣት የእጅ ናቸው። ብርታት፣ መከታነትና ልክ ደግሞ የክንድ ናቸው። እንግሊዝኛ እንግዳን በተዘረጋ «አርም» ይቀበላል፤ ሊርቀው የሚፈልገውንም ሰው «በአርም ርዝመት» ያርቀዋል። እኛ እንግዳን የምንቀበለው በሁለት እጃችን ነው። ስለዚህ አንዱን ቃል በሌላው ሁልጊዜ መተካት አይቻልም።

ግእዝ ይህን ጉዳይ ለይቶት ነበር። የአካሉን ክፍል በተለይም ብርታቱን ሲናገር «መዝራዕት» ይላል፤ ርዝመት ሲለካ ደግሞ «እመት» ይላል። «መዝራዕት» ከዕብራይስጡ «ዜሮዓ» እና ከዓረብኛው «ዚራዕ» ጋር፣ «እመት» ደግሞ ከዕብራይስጡ «አማ» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። አማርኛ ሁለቱንም ሥራ ለአንድ ቃል፣ ለ«ክንድ» ሰጠው።

ክንድ ልክ በነበረ ጊዜ

ሰው ሜትር ከመሥራቱ በፊት የሚለካበት መሣሪያ አብሮት የተወለደው አካሉ ነበር። በአገራችን የአራት ጣት ውፍረት ጋት፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ስንዝር፣ ከክርን ጫፍ እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለው ደግሞ ክንድ ነው። በጥንቱ የመካከለኛው ምሥራቅ አቆጣጠር አንድ ተራ ክንድ ሁለት ስንዝር፣ ወይም ስድስት ጋት፣ ወይም ሃያ አራት ጣት ይሆን ነበር። ውድ አንባቢያችን ይህን በራስዎ አካል ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ሒሳቡ ብዙም እንደማይዛነፍ ያያሉ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን ልኮች፣ ሚዛኖችና የዋጋ መለኪያዎች ታሪክ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ በሰፊው ማቅረባቸው ይታወሳል። እንደ ክንድና ስንዝር ያሉት ልኮች በንግድ ውስጥ የነበራቸውን ቦታ ለማወቅ የሚሻ ሰው ያን ጥናት ቢመለከት ይጠቀማል።

የክንድ መልካምነቱ ቤት የማይረሳ መሆኑ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የሁሉም ሰው ክንድ እኩል አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ የአንድ ረጅም ሰው ክንድ 48 ሴንቲ ሜትር፣ የአንድ አጭር ሰው ክንድ 43 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በአንድ ክንድ ጨርቅ ላይ ልዩነቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአሥር ክንድ ላይ ግን ግማሽ ሜትር ይደርሳል። ገዢና ሻጭ «አሥር ክንድ» ብለው ተስማምተው ሳለ ስለ ሁለት የተለያዩ ርዝመቶች ተስማምተዋል ማለት ነው።

የጥንት ግብፃውያን ይህን ችግር የፈቱት ክንድን ከሰው ነጥለው በማስቀመጥ ነው። የንጉሥ ክንድ የሚባል 52.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ልክ ወሰኑና የእንጨትና የድንጋይ ምሳሌዎችን ሠሩለት። ይህ ልክ ከተራው ክንድ በአንድ ጋት ይበልጥ ስለነበር ሰባት ጋት ነበረው። የልዩነቱን መጠን ለመረዳት በኦሪት ዘፍጥረት የተነገረውን የኖኅን መርከብ እንውሰድ፤ ርዝመቷ 300 ክንድ ነው። ክንዱ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ርዝመቷ 135 ሜትር ይሆናል። 52.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን 157.5 ሜትር ይደርሳል። «ክንድ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ የ22.5 ሜትር ልዩነት ተደብቆ ነበር ማለት ነው።

ሜትር የተፈጠረው ይህን መሰሉን ድብቅ ልዩነት ለማስወገድ ነው። በ1790ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያን ሊቃውንት ልክን ከሰው አካል አውጥተው ከምድር ስፋት ጋር አያያዙት። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አንድ ሜትር ብርሃን በባዶ ሕዋ ውስጥ በአንድ ሰከንድ 299,792,458ኛ ክፍል የሚጓዘው ርቀት ሆኖ ተወስኗል። ከዚያ በኋላ በሳይንስ ዓለም ክንድ መለኪያ መሆኑ ቀረ። ነገር ግን በሌላ በር ተመልሶ መጣ፤ ለካ ይባል የነበረው ክንድ ራሱ የሚለካ ሆነ።

የሚለካው ክንድ

ሌላውን የሰውነት ክፍል ትተን የሕፃንን ክንድ የምንለካው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የእድገት ባሕርይ ነው። በደንብ የተመገበ ሕፃን ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ቁመቱና ክብደቱ በእጅጉ ይለወጣሉ። የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ግን በጥቂቱ ብቻ ነው የሚያድገው፤ 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይቆያል። በእነዚህ ዓመታት የሕፃንነት ስቡ ሲቀንስ ጡንቻው ይጨምራልና አንዱ ሌላውን ይተካካል። ስለዚህ የልጁን ዕድሜ በትክክል ሳናውቅ፣ ሚዛንም ሳይኖረን፣ በአንድ ጥብጣብ ብቻ ሰውነቱ መጎዳቱን ማወቅ እንችላለን። የልደት ቀን በማይመዘገብበትና ሚዛን ተሸክሞ ገደል መውረድ በሚያስቸግርበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዘዴው በችግር ጊዜ የተፈተነ ነው። ከ1967 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ በነበረው የቢያፍራ ጦርነት የረድኤት ሠራተኞች የሕፃናትን የክንድ ዙሪያ ከቁመታቸው ጋር የሚያነጻጽር ምልክት የተደረገበት በትር ይጠቀሙ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሻኪር እና ሞርሊ የተባሉ ሐኪሞች በቀለማት የተከፋፈለውን ጥብጣብ አስተዋወቁ። ይህ ጥብጣብ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ውጤቱን በቀለም እንዲያውቅ የሚያስችል ነው።

በዓለም የጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የ2009 እ.ኤ.አ. የጋራ መግለጫ መሠረት ከ6 ወር እስከ 59 ወር ዕድሜ ያለው ሕፃን የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ተይዟል፤ በጥብጣቡ ላይ ይህ ቀይ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው መካከለኛ ጉዳት ሲሆን ቢጫ ነው። ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ቀይ የታየበት ሕፃን ለሕክምና የተዘጋጀ አልሚ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ተጨማሪ ሕመም ካለበትም ተኝቶ መታከም አለበት።

ይህ ጉዳይ ለወገዳና ለአካባቢዋ የሩቅ ወሬ አይደለም። በቀድሞው አጠራር የጋይንት አውራጃ ይባል የነበረው አገር፣ ማለትም ስማዳ፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ከጉና ተራራ ምሥራቃዊ ግርጌ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርድ ነው። ደጋው መሬት በብዙ ዘመን እርሻ የተሸረሸረ ነው፤ ቆላው ዝናብ ያጥረዋል። በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር እነዚህ ወረዳዎች የምግብ ዋስትና ችግር ሥር ከሰደደባቸው መካከል ስለነበሩ ተጠቃሚ ሆነዋል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ደግሞ ጥብጣቡን ከከተማ ጤና ጣቢያ ወደ ገጠር ቀበሌ አውርዶታል። እንግዲህ «ክንድ» የሚለው ቃል በየጤና ኬላው ስለ አንድ ሕፃን ሕይወት የሚወስን ቃል ሆኗል ማለት ነው።

አንድ ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ነው?

በቀዩና በአረንጓዴው መካከል ያለው ርቀት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገሩን በሒሳብ እንየው። ክንድ ፍጹም ክብ ባይሆንም እንደ ክብ ብንቆጥረው የዙሪያውን ርዝመት ለ3.14 በማካፈል ውፍረቱን እናገኛለን። 11.5 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ክንድ ውፍረቱ 3.66 ሴንቲ ሜትር ነው። 12.5 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ደግሞ 3.98 ሴንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን ዓይን አይለየውም። ልጇን በየቀኑ የምታየው እናት ልጇ መክሳቱን ሳታስተውል ብትቀር የቸልተኝነት ምልክት አይደለም።

አሁን ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ክንድ 11.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነው ጋር እናነጻጽር። ዙሪያው የቀነሰው በ28 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን የክንዱ አግድም ስፋት ከ20.4 ወደ 10.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ግማሽ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። ምክንያቱም ስፋት የሚለዋወጠው በዙሪያው ካሬ ልክ ነው። መካከል ያለው አጥንት ደግሞ በረኃብ እንዲህ አይመነምንም። ስለዚህ የጠፋው ግማሽ ጡንቻና ስብ ነው። ጡንቻ ደግሞ ሰውነት ምግብ ሲያጣ የሚበላው የመጨረሻው ጎተራ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በተቅማጥ ወይም በሳል የሚያዝ ሕፃን ከዚህ ጎተራ የሚወስደው ከሌለው ይሸነፋል። በአማርኛ ክንድን ለብርታት ስም ያደረገው ሕዝብ እንግዲህ ያለ ሳይንስ የተናገረው ነገር ሳይንሳዊ እውነት ነበረው።

ቃሉ የሚያሳስትበት ቦታ

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ጥብጣቡ በትክክለኛው ቦታ ላይ ሲጠመጠም ነው። 11.5 እና 12.5 የተባሉት ቁጥሮች የተወሰኑት ለላይኛው ክንድ መካከል ብቻ ነው። ከክርን በታች ያለው ክፍል ሁለት አጥንት፣ ሌላ ዓይነት ጡንቻና ሌላ የስብ መጠን አለው። በዚያ ላይ የተገኘ ቁጥር ቢነበብም ትርጉም የለውም፤ ጤነኛውን ታማሚ ሊያደርግ፣ ታማሚውንም ጤነኛ አስመስሎ ወደ ቤቱ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ በሥልጠና ጽሑፍ ወይም በግድግዳ ሥዕል ላይ «የክንድ ዙሪያ ይለኩ» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም። የእንግሊዝኛው ሐኪም «አርም» ሲል የላይኛው መሆኑ ይታወቅለታል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ቃሉ ከክርን በታችም ሆነ በላይ መዋል ይችላል።

አካሄዱ እንደሚከተለው ነው። የልጁ ግራ እጅ ይመረጣል፤ እጅጌው እስከ ትከሻው ይሰበሰባል። ክርኑ በማዕዘን ይታጠፍና የትከሻው ጫፍ አጥንትና የክርኑ ጫፍ ይፈለጋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርዝመት ለሁለት ተከፍሎ እኩሌታው ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ በኋላ እጁ ይዘረጋና ወደ ታች ዘና ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረጋል። ጥብጣቡ በምልክቱ ላይ አግድም ይጠመጠማል፤ ቆዳውን ከጠበቀው ቁጥሩ ያንሳል፣ ከላላ ወይም ከተንጋደደ ደግሞ ይበዛል። በመጨረሻ ቁጥሩ እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ይነበባል።

አንድ ነገር ግን ማስታወስ ይገባል። ክንድ ሁሉን አይናገርም። በሁለቱም እግሮቹ ላይ እብጠት ያለበት ሕፃን የክንዱ ልክ አረንጓዴ ቢያሳይም በከባድ የምግብ እጥረት ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች የሁለቱንም እግሮች ጫፍ በአውራ ጣታቸው ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነው ጉድጓድ መቅረቱን ያያሉ።

የልኬቱ ሥራ ለባለሙያ ብቻ የሚተው እንዳልሆነም ልናክል እንወዳለን። በኒጀር የተደረጉ ጥናቶች እናቶች በአጭር ሥልጠና የልጆቻቸውን ክንድ በአጥጋቢ ሁኔታ መለካት እንደሚችሉ አሳይተዋል። እናት በቤቷ በየጊዜው ከለካች ልጁ ቀይ ላይ ሳይደርስ በቢጫው ላይ ሳለ ሊደረስለት ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን እናቲቱ «ክንድ» የተባለው የትኛው እንደሆነ በቋንቋዋ በግልጽ ሊነገራት ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ቃልም እንደ ሜትር መለኪያ ነው። ገበያ ውስጥ ሁለት ሰዎች «ክንድ» ብለው ሁለት ርዝመት ሲያስቡ የሚጎድለው ጨርቅ ነው። በጤና ኬላ ውስጥ እናትና ባለሙያ «ክንድ» ብለው ሁለት ቦታ ሲያስቡ የሚጎድለው ሕፃን ሊሆን ይችላል። ሳይንስን በአማርኛ የምናስተምር ሰዎች ቃል ስናጣ አዲስ ቃል ለመፍጠር እንደክማለን። ያለው ቃል ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ መናገሩን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የላይኛው ክፍል በተፈለገ ጊዜ «የላይኛው ክንድ፣ በትከሻ ጫፍና በክርን ጫፍ መካከል» ተብሎ ይጻፍ፤ የታችኛውም «የታችኛው ክንድ፣ ከክርን እስከ አንጓ» ይባል። ከጽሑፉ ጎን ሥዕል ይታከልበት። ቃላቱ ሁሉ በእያንዳንዱ ቤት የሚታወቁ ናቸው።

ለአንባቢ የሚሆን መልመጃ

አንድ ቀጭን ገመድና ማስመሪያ ያዘጋጁ። በመጀመሪያ ከክርንዎ ጫፍ እስከ መካከለኛው ጣትዎ ጫፍ ያለውን ርዝመት ለክተው የቤተሰብዎን አባላት ሁሉ ክንድ ከእርስዎ ጋር ያነጻጽሩ፤ በአሥር ክንድ ላይ የሚመጣውን ልዩነት ያስሉ። ቀጥሎም የላይኛውንና የታችኛውን ክንድዎን ዙሪያ በየመካከላቸው ይለኩ፤ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አለመሆናቸውን ይመለከታሉ። በመጨረሻ በቤትዎ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት የሆነ ልጅ ካለ ግራ እጁን ከላይ በተነገረው መንገድ ይለኩ። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ካገኙት መልመጃው በዚያ ያበቃል፤ ልጁን በዚያው ቀን ወደ ቅርቡ ጤና ኬላ ይውሰዱት።